ጎብኚ ያጣው የጣና ዳርቻ

ባሕር ዳርን የምታውቁ ሁሉ የጣናን ዳርቻ በእሑድ ማታ ታስታውሱታላችሁ። ሕፃናት ይሯሯጣሉ፤ ሙሽሮች ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ የተጠበሰው ቀረሶ ሽታ ከቡናው ጢስ ጋር ይቀላቀላል፤ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ የሚያደርሱት የሞተር ጀልባዎች ሰው ሲጭኑና ሲያራግፉ ይውላሉ።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር መጨረሻ ወደዚያው ሥፍራ ብትወርዱ ኖሮ ግን የምትሰሙት ውኃው ከድንጋዩ ጋር ሲላተም የሚያሰማውን ድምፅ ብቻ ነበር። የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን ተገለጸ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 22 ቀን ደግሞ ባሕር ዳር ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ ታገደባት። ጀልባዎቹ እንደታሰሩ፣ ወንበሮቹ እንደተደራረቡ ቀሩ። ክብራን ገብርኤል ድሮም ቢሆን ለእኛ ለሴቶች አይፈቀድም፤ ያን ሰሞን ግን ወንዱም እንደኛው ከዳር ቆሞ ተመልካች ሆኖ ነበር።

ጊዜው ዐቢይ ጾም፣ የዓሣ ገበያ የሚደራበት ወቅት ነበር። በዓሣ ጥብስና በጀበና ቡና የሚተዳደሩት እናቶች ጉዳት የከፋውም በዚህ ምክንያት ነው። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ተከትሎት የወጣው ደንብ ቀጣሪ ሠራተኛውን በዘፈቀደ እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከለከለ። ይህ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ መከታ ነበር። ነገር ግን እስቲ አስቡት፤ ረከቦቷን ዘርግታ የምታድር እናት ማን ቀጥሯት ማን ያሰናብታታል? የኪራዩ ጭማሪ ቢቀርላትም ኪራዩ ራሱ አልቀረላትም። ዕቁቡም ሳምንቱን ጠብቆ ይመጣል።

ከእነዚሁ እናቶች አንዷ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ለልጆቿ ዩኒፎርም ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለዱቄት እንዳዋለችው አጫውታኛለች። «ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም የልጆቼ ሆድ አልተዘጋም» አለችኝ። ከቁርስ በኋላ የሚበሉት በትምህርት ቤት ሳሉ ምሳ ዕቃ ውስጥ በልክ ይቋጠር ነበር፤ ቤት ሲውሉ ግን ቀኑን ሙሉ መሶብ ሲከፈት ይውላል። ልጆች ያሏችሁ ይህን ሳልነግራችሁም ታውቁታላችሁ።

እገዳው ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ዳር ስትመለስ ከስኒዎቿ ያወጣችው አራቱን ብቻ ነበር፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏልና። ከረከቦቱ አጠገብ የውኃ ጀሪካንና ሳሙና አስቀመጠች። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቿ የጀልባ ነጂዎች ነበሩ፤ እነርሱም ሥራ አልጀመሩም ነበርና በዱቤ ጠጡ።