ኮዱ የጠራው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም

ድሮ ወደ ጋራዥ የሚመጣ ሰው ‹‹ሞተሩ ያጨሳል››፣ ‹‹ዳገት ላይ አልጎትት አለኝ›› ነበር የሚለው። አሁን አሁን ግን ሕመሙን ትቶ መድኃኒቱን ይዞ ይመጣል። ‹‹ኮምፒውተር አስነብቤው የክራንክ ሴንሰር ነው ብሏል። ዕቃውንም ገዝቼዋለሁ፤ ግጠምልኝ።›› ስንት ብር እንዳወጣበት ሲነግረኝ አንጀቴን ይበላዋል። ብዙ ጊዜ የተነቀለው ሴንሰር ሲለካ ደህና ሆኖ ይገኛል፤ መኪናውም አዲሱ ዕቃ ከተገጠመለት በኋላ በዚያው በሽታ መንገድ ላይ ይቆማል።

ፒ0335 የሚለው ኮድ ሲወጣ ኮምፒውተሩ የተናገረው ‹‹ከክራንክሻፍት ሴንሰር መስመር የምጠብቀው ምልክት አልደረሰኝም›› ብቻ ነው። በዚያ መስመር ላይ ሴንሰሩ አለ፣ ሶኬቱ አለ፣ ሽቦው አለ፣ ማሳው አለ፣ ሴንሰሩ የሚያነበው ጥርሳም ብረትም አለ። ሴንሰሩ ማግኔት ስለሆነ ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ ተለጥፎ ምልክቱን ሊያበላሸው ይችላል። ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖው ሲነሳ ቮልቴጁ ከ9 በታች ከወረደ ደግሞ ሁሉም ደህና ሆኖ ሳለ ምልክቱ ሊዛባ ይችላል። ኮዱ ከነዚህ መካከል የትኛው እንደሆነ አያውቅም። የምርመራ መጀመሪያ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ናፍጣ ሞተር ላይ የዚህ ሴንሰር ጉዳይ የሚከብደው ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ ስለሌለው ነው። አየሩ ተጨምቆ ሲግል ናፍጣው ይረጭበታል፣ በራሱም ይቀጣጠላል። ስለዚህ የሚረጭባት ቅጽበት ወሳኝ ናት። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዙር የሚፈጀው 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። ያንን ለዙሩ 360 ዲግሪ ብናካፍለው አንዷ ዲግሪ ከ0.06 ሚሊ ሰከንድ አትበልጥም። መርጨቱ ከዘገየ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ይመጣል፣ ጉልበት ይጠፋል። ከቸኮለ ሞተሩ በመዶሻ የሚመታ ይመስል ይንኳኳል።

በ5ኤል ሃይሩፍ እና በ1ኤችዜድ ላንድክሩዘር ያደግን መካኒኮች ይህን ቅጽበት በእጃችን እናስተካክለው ነበር። የፓምፑን ብሎኖች ላላ አድርጎ፣ በመለኪያ አይቶ፣ በጆሮ አድምጦ ትንሽ ወደዚህ ትንሽ ወደዚያ ማዞር ነው። ያንን ጥበብ ያስተማሩንን አንጋፋዎች አሁንም አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን በአውሮፓ ቆጠራ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ መጀመሪያ በከባድ መኪና፣ ቀጥሎም በ1997 በአልፋ ሮሜዮ 156 የመጣው ኮመን ሬል የሚባለው የናፍጣ አረጫጨት አሠራሩን ከሥሩ ለውጦታል። ፓምፑ ግፊት ከመፍጠር በስተቀር ስለ ጊዜው የሚለው ነገር የለም። መቼ እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፤ የሚወስነውም የክራንክሻፍቱንና የካምሻፍቱን ሴንሰር አንብቦ ነው። የዲ ፎር ዲ ሃይሉክስ ባለቤት ‹‹ፓምፑን ትንሽ አዙርልኝ›› ብሎ ሲለምነኝ እምቢ የምለው ለዚህ ነው።

ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሚያነብ ማወቅ ደግሞ ግማሹን ምርመራ ያቀልላል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚዞረው ብረት 36 ጥርስ ሊኖረው ሲገባ 2ቱ ሆን ተብሎ ስለተቀነሱ 34 ነው ያለው። እያንዳንዱ ጥርስ 10 ዲግሪ ነው፤ ክፍተቷ ደግሞ ፒስቶኑ የት እንዳለ ትነግረዋለች። ክራንክሻፍቱ ሁለት ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ስለሚዞር የሁለቱ ምልክት በየሁለት የክራንክሻፍት ዙር በአንድ ቦታ መገናኘት አለበት። ሳይገናኝ ሲቀር ፒ0016 ይወጣል።

ይህን ኮድ ሳይ አንድም ዕቃ ከመንካቴ በፊት ‹‹ሁለቱን ሻፍቶች የሚያገናኘው ቺንጋ መቼ ተቀየረ?›› ብዬ እጠይቃለሁ። በቅርቡ የተሠራ ከሆነ ሴንሰሩን እረሳውና ሽፋኑን ከፍቼ ምልክቶቹን አያለሁ። አንድ ጥርስ ዘልሎ የተገጠመ ቺንጋ ሞተሩን ሊያስነሳው ይችላል፤ ግን ጠዋት ያስቸግራል፣ ጉልበት አይኖረውም። ምልክቶቹ ከተገጣጠሙ በኋላ ሞተሩን በሞተሪኖ አላስነሳም። በቁልፍ ክራንክሻፍቱን ይዤ ሁለት ሙሉ ዙር በእጄ አዞረዋለሁ፤ ከዚያ ምልክቱን ደግሜ አያለሁ። መሃል ላይ አልዞርም ካለ አላስገድደውም፤ ቫልቭና ፒስቶን ተነካክተዋል ማለት ነውና። ይህ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያድነው ቴስታታውን ሙሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የቺንጋው መቀየሪያ ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውን መብራት ቺንጋውን ሳይቀይሩ አጥፍተው መኪና የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ፋብሪካው 100,000 ወይም 150,000 ኪሎ ሜትር ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የመብራቱን መጥፋት አይመን፤ ሽፋኑን አስከፍቶ ቺንጋውን በዓይኑ ይይ።

በሰመራ መንገድ የሚመላለስ አንድ የሃይሉክስ ሾፌር መኪናውን ያመጣልኝ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ‹‹ጋሼ፣ አዋሽን አልፌ ሙቀቱ ሲበረታ ድንገት ጥፍት ይላል። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ስሞክረው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ሴንሰሩ አዲስ ነው፤ ሌላ ቦታ ነው የተቀየረው።›› በቀዝቃዛው ስለካው ሴንሰሩም ደህና ነው፤ ሽቦውም ከኮምፒውተሩ ሶኬት ጫፍ ተለክቶ ደህና ነው። ሞተሩን አስነስተን በደንብ እስኪግል አቆየነው። አጥፍቼ የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀልኩና ቴስተሩን ወደ ሴንሰሩ በሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ላይ ሰክቼ ረዳቴ የሽቦውን ጥቅል ከላይ ጀምሮ በጣቱ እየጫነ እንዲወርድ ነገርኩት። ማርሚታው አጠገብ ሲደርስ ቁጥሩ ጠፋ። ለቀቅ ሲያደርገው ተመለሰ። ፕላስቲኩን ስንገፈው ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሶ ጫፍና ጫፉ ብቻ እየተነካካ ነበር፤ ሲግል ይላቀቃል፣ ሲበርድ ይገጥማል። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ‹‹ለዚህች ነው በረሃ ላይ ያደርኩት?›› አለ። የተበጠሰውን ቆርጠን በአዲስ ሽቦ በብየዳ ቀጠልነው፤ ጥቅሉንም ከሙቀቱ አርቀን አሰርነው። ለዕቃ የወጣው ገንዘብ ለአንድ ምሳ አይበቃም።

አዲስ አበባ ለሚሠራ ሰው ከፍታው ራሱ የምርመራ መሣሪያ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ 101 ነው። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ የአየር ግፊት ሴንሰሩን ንባብ አያለሁ። 76 አካባቢ ካለ እውነቱን ነው። እዚህ ቆሞ 100 የሚል ሴንሰር ግን የሌለ አየር አለ እያለ ነው፤ ኮምፒውተሩም አምኖት ናፍጣ ስለሚጨምር ጥቁር ጭሱ ከዚያ ይመጣል። ያን ጭስ አይቶ ኢንጄክተር የቀየረ ሰው አውቃለሁ። የሙቀት ሴንሰሮችም እንዲሁ ናቸው። ያደረ መኪና ላይ የውሃው፣ የአየሩና የናፍጣው ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለበት። አንደኛው ከዜሮ በታች 40 ካለ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ሶኬቱ ተነቅሏል።

ሦስት አራት ኮድ ባንድ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ደንበኛው ይደነግጣል። እኔ ደስ ይለኛል። ብዙ ሴንሰሮች አንድ የ5 ቮልት መስመር ስለሚጋሩ አንዱ ሾርት ሲያደርግ ሌሎቹም አብረው ይወድቃሉ። ቴስተሩን መስመሩ ላይ አድርጌ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ስነቅል 5 ቮልቱ የተመለሰበት ሶኬት ጥፋተኛው ነው። የሬል ግፊት አነሰ የሚለው ፒ0087ም ቢሆን ሴንሰሩን ከመጠርጠር በፊት የናፍጣ ፊልትሮውን ማየት ይቀድማል።

ይህን ሁሉ የማያውቅ መካኒክ ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያስቸግረው ደንበኛው ለዕቃ እንጂ ለምርመራ መክፈል አለመውደዱ ነው። ሁለት ሰዓት ሽቦ ስከተል ውዬ ሒሳብ ስጠይቅ ‹‹ምን ቀየርክ?›› እባላለሁ። ሴንሰር ብቀይርለት ግን ሳያንገራግር ይከፍላል። መካኒኩም ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነውና ደንበኛው የሚከፍልበትን ይሠራል፤ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሴንሰር እየመጣ በግምት ይገጠማል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ያሉን ናፍጣ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ናቸው። በግምት እየተነካኩ ያን ያህል አይቆዩም።

ሾፌሮችና ባለቤቶች ሆይ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ኮዱን አስጠፍታችሁ አትምጡ። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት የነበረውን ፍጥነት፣ የሞተር ዙርና የውሃ ሙቀት አብሮ ይይዛል፤ ኮዱ ሲጠፋ ያም ይጠፋል። መብራቱ እንደበራ አምጡት። ሞተሩ ሲጠፋ ግሎ ነበር ወይስ ቀዝቅዞ፣ ዳገት ላይ ነበር ወይስ ሜዳ፣ በቅርቡ ማን ምን ነክቶት ነበር፣ እሱንም ጻፉልኝ።