በኪስ የሚያዝ የደብዳቤ ሣጥን

የራሳችን ኮምፒውተር የሌለን ሰዎች ኢሜይላችንን የምናየው በሰው ኮምፒውተር ነው። ስልክ ያለው በስልኩ ያነባል፤ ረጅም ማመልከቻ ለመጻፍና ማስረጃ ለማያያዝ ግን ወደ ኢንተርኔት ቤት እንሄዳለን። እንጽፋለን፣ ሒሳብ ከፍለን እንወጣለን። ታዲያ እኛ ብንወጣም ደብዳቤያችን አብሮን ላይወጣ ይችላል። ያወረድነው ፋይል እዚያው ይቀራል። ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ ወይ ብሎ ሲጠይቀን ሳናነብ እሺ ብለን ከሆነም፣ ከእኛ በኋላ የሚቀመጠው ሰው ሣጥናችንን ይከፍታል። ዓረብ አገር የምትሠራ እኅታችን የላከችው የፓስፖርት ቅጂ፣ የሥራ ማስረጃችን፣ የሐኪም ወረቀት፣ ሁሉም ለማናውቀው ሰው ይጋለጣል።

ለዚህ አንድ ዘዴ አለ። የደብዳቤ ሣጥኑን በኪስ ይዞ መዞር ነው።

ኪስ የሚገባው ሁላችንም የምናውቀው ፍላሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ገበያ ላይ ሲወጣ የሚይዘው 8 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ዛሬ 32 ጊጋባይት የሚይዘው እንኳ ትንሽ ይባላል፤ 4 ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። ብዙዎቻችን ፍላሽ ዘፈንና ፊልም መገልበጫ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ፕሮግራምም ይሠራበታል።

ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ሥሩን በየቦታው ይሰዳል። አንዱን ፋይል እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ያስቀምጣል። ስለዚህ ነቅለን ልንወስደው አንችልም። ተንቀሳቃሽ የሚባለው ፕሮግራም ግን ዕቃውን ሁሉ ፎልደር በሚባል አንድ ማኅደር ውስጥ ይሰበስባል። እንደ አፋር አርብቶ አደር ቤት ነው፤ ምሰሶውም ምንጣፉም በግመል ተጭኖ ይሄዳል።

ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዱ ተንደርበርድ ነው። የሞዚላ ሥራ ሲሆን የመጀመሪያው ሙሉ እትም እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ወጣ። ለፍላሽ የተዘጋጀው ዓይነት ፖርተብል አፕስ ከሚባል ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። የሚሠራው ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አውርደን ስንከፍተው የት ላስቀምጥ ብሎ ይጠይቃል። ፍላሹን እናሳየዋለን። ቀጥሎ ስማችንን፣ አድራሻችንንና የይለፍ ቃላችንን እንሞላለን። ከዚህ በኋላ በሄድንበት ፍላሹን ሰክተን ፕሮግራሙን ከዚያው እንከፍታለን። ደብዳቤዎቹ የሚወርዱት ፍላሹ ላይ ነው። አንዴ ከወረዱ ኔትወርክ ቢጠፋም ይነበባሉ። መልሱንም ጽፈን እናቆየዋለን፤ ኔትወርክ ሲመጣ እንልከዋለን። በደቂቃ ለሚከፍል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በመሙላቱ መካከል ፖፕ ወይስ አይማፕ የሚል ምርጫ ይመጣል። ፖፕ ደብዳቤውን ከፖስታ ቤቱ አምጥቶ ያስረክበናል። ቅጂው እዚያ እንዲቆይ ካልተደረገ፣ በዓለም ላይ ያለው ደብዳቤ ፍላሹ ላይ ያለው ብቻ ይሆናል። አይማፕ ግን ዋናውን እዚያው ትቶ ግልባጭ ይሰጠናል። እኛ አይማፕን እንመርጣለን። ፍላሽ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ይወድቃል፣ ከሱሪ ጋር ይታጠባል። አይማፕ የመረጠ ሰው ፍላሹ ቢጠፋ ደብዳቤው አይጠፋበትም። ግልባጩ ፍላሹ ላይ እንዲቀመጥ መፈቀዱን ግን በፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ማየት ነው።

እሺ፣ የጠፋው ፍላሽስ በማን እጅ ይወድቃል? ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ተንደርበርድ ዋና የይለፍ ቃል የሚባል ቁልፍ አለው። ብዙ ሰው ይህን ካደረገ በኋላ ደብዳቤው የተቆለፈ ይመስለዋል። አልተቆለፈም። ያ ቁልፍ የሚጠብቀው በፕሮግራሙ ውስጥ ያስቀመጥናቸውን የይለፍ ቃሎች ነው። ደብዳቤዎቹ ሳይቆለፉ ፍላሹ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዘዴውን የሚያውቅ ሰው ያነባቸዋል። ስለዚህ ፍላሹ ራሱ መቆለፍ አለበት። ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ይህን ያደርጋል። ለመቆለፍ ዊንዶውስ ፕሮ ያለው ኮምፒውተር መፈለግ ነው፤ ከተቆለፈ በኋላ ግን በሌላውም ዊንዶውስ በይለፍ ቃሉ ይከፈታል።

ይህም ሆኖ ኮምፒውተሩ ራሱ የታመመ ከሆነ ፍላሽ አያድነንም። የምንመታውን ፊደል ሁሉ እየመዘገበ የሚልክ ሰላይ ፕሮግራም አለ። ቫይረስም ከሰው ኮምፒውተር ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በማናምነው ኮምፒውተር ላይ ባንሰካው ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ተንደርበርድን እንዘጋለን። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፍላሹን እንዲለቅ እናዛለን፤ የምንነቅለው ከዚያ በኋላ ነው። ፋይል እየተጻፈበት ሳለ የተነቀለ ፍላሽ ደብዳቤ ሊያበላሽ ይችላል። በወር አንድ ጊዜም ፎልደሩን እንዳለ ወደ ሁለተኛ ፍላሽ እንገለብጣለን። ያም ይቆለፋል፤ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ሳይገባ ቤት ይቀመጣል።