የወጣቶች ሰባኪና የጠመንጃው ጨዋታ

ሕፃን ጨዋታ በያዘ ጊዜ እናቱ ብትጠራው እንደማይሰማ ልጅ ያሳደጉ ክቡራን አንባቢዎቻችን ሁሉ ያውቁታል። በአሜሪካን አገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓመት አንድ አዲስ ጨዋታ እስኪወጣ ድረስ ቀን እየቈጠሩ የጠበቁት ልጆቹ ብቻ አልነበሩም፤ ልጆቹን ወንጌል እንዲያስተምሩ የተሾሙት ሰባክያንም አብረው ይጠብቁ ነበር። ጨዋታውም የኳስ ወይም የሩጫ ጨዋታ አይደለም፤ በጠመንጃ የሚጋደሉበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከአንባቢዎቻችን መካከል ልጆቻቸው ወይም የልጅ ልጆቻቸው በዚያ አገር የሚያድጉላቸው ስላሉ፥ ነገሩ ሩቅ ቢመስልም ከቤታችን ደጃፍ የራቀ አይደለምና ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን።

የጨዋታው ስም ሄይሎ 3 ይባላል። የሠራው በንጂ የተባለው ማኅበር ነው፤ ያወጣውም ማይክሮሶፍት የተባለው ታላቅ ኩባንያ ሲሆን፥ የሚጫወቱት ኤክስቦክስ 360 በሚባል ከቴሌቪዥን ጋር በሚገናኝ መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ መቈጣጠሪያውን በሁለት እጁ ይዞ፥ አረንጓዴ ጥሩር በለበሰ ወታደር ዓይን እያየ፥ ጠመንጃውን ከፊቱ ደግኖ ይሄዳል፤ ጠላት ሲመጣበት ይተኵሳል፤ ቀድሞ ካልተኰሰም ይወድቃል። ሄይሎ ማለት ሠዓሊዎች በቅዱሳን ራስ ዙሪያ የሚስሉት የብርሃን አክሊል ነው፤ በጨዋታው ታሪክ ግን በጠፈር ላይ የተንሳፈፈ፥ ቀለበት የሚመስል ዓለም ስም ነው። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጥረቶች ኪዳን በሚል ስም ተባብረው፥ ነቢያት በሚባሉ አለቆች እየተመሩ፥ እነዚህ ቀለበቶች ሥራቸውን ቢጀምሩ ወደ ድኅነት የሚወስዷቸው መስሏቸው ይዋጋሉ። እውነቱ ግን ቀለበቶቹ የተሠሩት አእምሮ ያለውን ሕያው ሁሉ ለማጥፋት ነው። እንግዲህ ስለ ሐሰተኛ ነቢያት ሊሰብክ ለሚፈልግ ሰው ጨዋታው ራሱ ምሳሌውን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ጨዋታው እንደሚወጣ የተነገረው በ2006 በሜይ ወር በሎስ አንጀለስ ከተማ በተደረገው ኤግዚቢሽን ነበር። በሚከተለው ዓመት በዚያው ወር ጥቂት ክፍሉ ለሙከራ ተከፈተ፤ በሴፕቴምበር 25 ቀን 2007 ደግሞ ከሌሊቱ በስድስት ሰዓት ሱቆች ተከፍተው መሸጥ ጀመረ። የአንዱ ዋጋ 60 ዶላር ያህል ሲሆን፥ በአሜሪካን አገር ብቻ በመጀመሪያው ቀን 170 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2004 የወጣው ሁለተኛው ክፍል በመጀመሪያው ቀን ያገኘው 125 ሚሊዮን ነበርና፥ ጥበቃው ምን ያህል እንደ በረታ ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ ሰባኪው እንመለስ። በአሜሪካን የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ የወጣቶች ሰባኪ የሚባል ሹመት አለ። ሥራው ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ያሉትን ልጆች ማስተማርና መጠበቅ ሲሆን፥ የሚሾመውም ብዙ ጊዜ ራሱ ገና ወጣት የሆነ ሰው ነው። ይህ ሰው በሳምንት አንድ ማታ አዳራሹን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ሊመጡለት የሚገባቸው ወንዶች ልጆች ግን እቤታቸው ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው ይቀራሉ። በ2007 በኦክቶበር ወር መጀመሪያ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እንደ ገለጸው፥ በመቶ የሚቈጠሩ ሰባክያን ለዚህ ችግር ያገኙት መላ ቴሌቪዥኑን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማምጣት ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአንዱ ቴሌቪዥን መስኮት በአራት ተከፍሎ አራት ልጆች በአንድ መሣሪያ ይጫወታሉ፤ አራት መሣሪያዎች በሽቦ ቢቀጣጠሉ ደግሞ አሥራ ስድስት ልጆች በአንድ ጦር ሜዳ ይገናኛሉ። ይህን ያህል መሣሪያ በአንድ ቤት አይገኝም፤ አዳራሽ ያስፈልገዋል፤ አዳራሽ ያለው ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ልጆቹ ፒዛ እየበሉ፥ እየጮኹ፥ አንዱ ሌላውን በጣለ ቍጥር እየተሳሳቁ ያመሻሉ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ይቆምና ሰባኪው ለጥቂት ደቂቃ ይናገራሉ፤ ይጸለያል፤ ልጆቹም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ለብቻው በጨለማ ክፍል ተቀምጦ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲታኰስ ከሚያመሽ ልጅ ይልቅ፥ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ የሚስቅ ልጅ እንደሚሻል እኛም አንክድም።

የተቃወሙትም ብዙዎች ነበሩ። «አትግደል» የሚለውን ትእዛዝ የሚያስተምር ቤት እንዴት በምስልም ቢሆን መግደልን ያስተምራል አሉ። ሰባክያኑ የመለሱላቸው፥ የሚገደሉት ሰዎች ሳይሆኑ ከሌላ ዓለም የመጡ ጠላቶች ናቸው፤ ታሪኩም ደግ ከክፉ ጋር የሚያደርገው ውጊያ ነው የሚል ነበር። ይህ መልስ ለጨዋታው ታሪክ እውነት ነው። ነገር ግን በአዳራሹ ውስጥ አሥራ ስድስቱ ልጆች ታሪኩን አይጫወቱም፤ ሁለት ወገን ሆነው እርስ በርሳቸው ይተኳኰሳሉ። ስለዚህ መልሱ ከጥያቄው ጋር አልተገናኘም ብንል የደፈርን አይመስለንም።

በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር የሆነው ነገር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሶኒ የተባለው ኩባንያ ባወጣው ሬዚስታንስ በሚባል ሌላ የጠመንጃ ጨዋታ ውስጥ፥ በማንቸስተር ከተማ የሚገኘው የካቴድራል ምስል የጦር ሜዳ ሆኖ ተገኘ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አለቆች በጠመንጃ ወንጀል በተጐዳ ከተማ እንዲህ መደረጉን አጥብቀው ነቀፉ፤ ኩባንያውም በ2007 በጁላይ ወር ይቅርታ ጠየቀ። አንዱ ካህን የቤተ ክርስቲያን ምስል ወደ ጠመንጃው ገባብኝ ብሎ ሲከስ፥ ሌላው በባሕር ማዶ ጠመንጃውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ለማስገባት ቀን ይቈጥር ነበር።

እርግጥ ነው፤ ጨዋታን ለሃይማኖት ሥራ ማዋል አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚጫወቱት ቅርጫት ኳስ የተፈጠረው በዚሁ በአሜሪካን አገር፥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ፥ በክርስቲያን ወጣት ወንዶች ማኅበር ትምህርት ቤት ነው። ፈጣሪያቸውም ሚስተር ጄምስ ናይስሚዝ የተባሉ ከካናዳ የመጡ የነገረ መለኮት ተማሪ የነበሩ መምህር ሲሆኑ፥ በ1891 በዲሴምበር ወር በክረምቱ ብርድ ከቤት ውስጥ የታሰሩትን 18 ወጣቶች የሚያጫውት ነገር ቢያጡ የኮክ ቅርጫት ከአዳራሹ ሰገነት ላይ ሰቅለው ጀመሩት። ሕጉም 13 አንቀጽ ነበረ። የወጣቶች ሰባክያንን የሚደግፍ ሁሉ ይህን ታሪክ ቢጠቅስ ያምርበታል፤ ብቻ ሚስተር ናይስሚዝ የደከሙት ልጆቹ እርስ በርሳቸው እንዳይጐዳዱ ለማድረግ መሆኑን አብሮ ማስታወስ ያስፈልገዋል። መግፋትንና መምታትን የሚከለክለው ከሕጉ አንዱ ነበርና።

ጕዳቱስ እውነት ነውን? በ1999 በኮሎራዶ በሚገኘው የኮለምባይን ትምህርት ቤት ጓደኞቻቸውን የገደሉት ሁለት ተማሪዎች ዱም የሚባለውን የጠመንጃ ጨዋታ ይጫወቱ ስለ ነበረ፥ የአሜሪካን ወላጆች ከዚያ ወዲህ ፈርተዋል። የአገሩ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ማኅበር ግን በ2020 ባወጣው ቃል፥ እነዚህ ጨዋታዎች እንደ መጮኽና መገፋፋት ካለ ቍጣ ጋር ጥቂት ግንኙነት ቢኖራቸውም፥ ሰውን እስከ መግደል ለሚያደርስ ዐመፅ ምክንያት ናቸው ለማለት የሚበቃ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። ስለዚህ ሰባኪውን ነፍሰ ገዳይ ያሳድጋሉ ብሎ መክሰስ አይገባም።

እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። በጨዋታው ሣጥን ማዕዘን ላይ አንዲት ፊደል ታትማለች፤ ትርጓሜዋም ዕድሜው 17 ዓመት ለሞላው ብቻ ማለት ነው። ይህን ምልክት የሚሰጠው በ1994 የጨዋታ ሠሪዎቹ ራሳቸው ያቋቋሙት ጉባኤ ነው። ባለሱቆቹም በሕግ ሳይገደዱ፥ በራሳቸው ደንብ ለትንንሽ ልጆች ላለመሸጥ ተስማምተዋል። መንግሥት ልጆችን እየላከ ሲፈትናቸው በ2006 ከመቶ ልጆች 42ቱ ገዝተው ሲመለሱ፥ በ2008 ግን የገዙት 20 ብቻ ሆኑ። የካሊፎርኒያ አውራጃ ሽያጩን በሕግ ሊከለክል ቢሞክርም፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 በ7 ዳኞች ድምፅ ለ2 ሕጉን ሻረው። ስለዚህ በልጁና በጨዋታው መካከል የቀረው ዘበኛ የባለሱቁ ደንብና የወላጁ ፈቃድ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከሱቅ «አይሆንም» ተብሎ ተመልሶ፥ ያንኑ ጨዋታ ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በነጻ ሲያገኘው ምን ይማራል? ነጋዴው የጠበቀውን ድንበር ካህኑ አለፈው፤ ይህም ከጥይቱ ድምፅ ይልቅ ሰማን።

ጨዋታውን መረብ ነው የሚሉ ሰባክያን አሉ፤ ዓሣ አጥማጆች ነንና ልጆቹን በሚወዱት ነገር እንስባለን ይላሉ። ዓሣ አጥማጅ ግን ትሉን ሲያሳይ መንጠቆውን ይሸሽጋል፤ ልጅም እንደ ተታለለ ያወቀ ቀን አይመለስም። እኛ ይልቅ የምናምነው «ጨዋታውን እኔም እወደዋለሁ፤ ከእናንተም ጋር መጫወት ደስ ይለኛል» ብሎ የሚናገረውን ነው። ደስታው እውነተኛ ነውና ልጆቹ ያውቁለታል። ከነዚህ አንዱ ሰባኪ ለወላጆች ደብዳቤ ጽፈው ያሰቡትንና ምክንያታቸውን እንዳስረዱ በጊዜው ተጽፎ ነበር። ደብዳቤው ወላጁን ሁሉ አሳምኖ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን «ልጄን አልልክም» ለማለት የሚፈልግ አባት የሚመልስበት አድራሻ አገኘ። በእኛ ሐሳብ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ያለውን ልጅ እናቱ ወይም አባቱ በእጃቸው ሳይፈርሙለት ማስገባት አይገባም ነበር፤ የፈቀደ ወላጅም አንድ ማታ መጥቶ ከልጁ አጠገብ ቢቀመጥ ባልከፋ።

ያ ጨዋታ በኤክስቦክስ 360 ላይ ከሩቅ አገር ሰው ጋር የሚያገናኝበት መስመር በ2022 በጃንዋሪ ወር ተዘጋ። በ2007 የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ሆነው ከአዳራሹ ወለል ላይ ተቀምጠው የነበሩት ዛሬ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጆች ያሏቸውም ይኖራሉ። በ2025 በኦክቶበር ወር ደግሞ የመጀመሪያው ሄይሎ እንደ አዲስ ተሠርቶ በ2026 እንደሚወጣ፥ በተቀናቃኙ በሶኒ መሣሪያም እንደሚጫወቱት ተነገረ። ያን ጊዜ በእኩለ ሌሊት የተሰለፉት ልጆች ወሬውን በሰሙ ጊዜ እንደገና ቀን መቍጠር ሳይጀምሩ አልቀሩም፤ አሁን ግን በሣጥኑ ማዕዘን ላይ የምትታተመውን ፊደል የሚያነቡት እነርሱ ናቸው።