ብርድ የሚያፈላው ሞተር

በአላስካ በምትገኘው በፌርባንክስ ከተማ በጥር ወር ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። በዚህ ቁጥር ላይ ሴንቲግሬድና ፋረንሃይት አንድ ስለሚሆኑ የቱ ነው ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። በከተማይቱ መኪና በሚቆምባቸው ስፍራዎች የኤሌክትሪክ መሰኪያ ተተክሎ ይታያል። ሽቦው የሚገባው በሞተሩ ውስጥ ወዳለ ትንሽ ማሞቂያ ሲሆን፥ ሥራውም ሞተሩ በድን ሆኖ እንዳያድር ማድረግ ነው። እንዲህ ያለውን ማሞቂያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1949 የፈጠራ መብት ያገኘበት በሰሜን ዳኮታ ይኖር የነበረው አንድሩ ፍሪማን ነው።

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ባለመኪናው የሙቀት መለኪያዋ መርፌ የምትናገረውን መረዳት አለበት። የጤነኛ ሞተር ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይረጋጋል። ይህንን የሚጠብቀው ተርሞስታት የሚባለው ትንሽ በር ነው። በውስጡ ሰም አለ፤ ሰሙ ሲግል ቀልጦ ያብጥና በሩን ይከፍታል፥ ውሃውም ወደ ራዲያተሩ ሄዶ ይበርዳል።

ይህ በር ተከፍቶ የቀረ እንደ ሆነ ውሃው ገና ሳይሞቅ ወደ ራዲያተሩ ይሮጣል። መርፌዋ ከታች ትቀራለች፤ እግር የሚያሞቀው ነፋስ ለብ ከማለት አያልፍም፤ መኪናው ቤንዚን ይበላል፥ ያልተቃጠለውም ቤንዚን ወደ ዘይቱ እየገባ ያቀጥነዋል። ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። በብዙ መኪናዎች ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን የላስቲክ ቱቦ፥ ሞተሩ በቀዝቃዛው እንደ ተነሣ፥ ከሚዞረው ቬንትላተር ተጠንቅቆ በእጅ መንካት ነው። ቱቦው ለጥቂት ደቂቃዎች ቀዝቅዞ ቆይቶ በድንገት ከጋለ በሩ ደኅና ነው፤ ከመጀመሪያው አንሥቶ ቀስ በቀስ ከሞቀ ግን በሩ አልተዘጋም ማለት ነው። ከራዲያተሩ ፊት ካርቶን የሚሸጉጡ ሾፌሮች አሉ፤ ለዕለቱ ይረዳል፥ በሽታውን ግን አያድንም።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚያ ሁሉ ብርድ መካከል ሞተሩ ይፈላል! ውሃ ብቻውን በ0 ዲግሪ በረዶ ስለሚሆን ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ፈሳሽ ይጨመርበታል። ሁለቱ እኩል ሲቀላቀሉ ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ገደማ ይቋቋማሉ። (ግላይኮሉ ብቻውን ይሻላል የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ንጹሑ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ይረጋል።) ባለመኪናው በሞቃቱ ወራት ውሃ እየጨመረ ካቀጠነው፥ በሩ ተዘግቶ ሳለ ሙቀት የማይደርሰው የራዲያተሩ ውሃ በመንገዱ ነፋስ ይረጋል። በኋላ በሩ ሲከፈት የፈላው ውሃ መሄጃ ያጣል። ሞተሩ እየተንተከተከ ራዲያተሩን ቢነኩት በረዶ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ፥ ራዲያተሩን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፥ ወደ ሙቅ ጋራዥ ማስጎተት ነው እንጂ ክዳኑን በግለቱ መክፈት ሰውን ያቃጥላል።

መርፌዋም ብትሆን አንዳንድ ጊዜ ትዋሻለች፤ ስለዚህ የመኪናው ማሞቂያ ሁለተኛ ምስክር ይሁን። መርፌዋ ዝቅ ብላ ማሞቂያው የሚጋረፍ ነፋስ ከሰጠ ጥፋቱ የመለኪያው ነው። መርፌዋ ከፍ ብላ ማሞቂያው ብርድ ከነፋ ውሃው ጎድሏል፥ ወይም አይዞርም። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ደኅና የነበረችው መርፌ በድንገት ስትወድቅ፥ ማሞቂያውም አብሮ ሲበርድ ነው። ሾፌሩ ሞተሩ በረደ ይላል፤ ውሃው ግን ፈስሶ አልቆ መለኪያው በባዶ ቀርቶ ይሆናል። ያለ ውሃ ጥቂት ኪሎሜትር የሄደ ሞተር ይነክሳል፤ ሰው በሌለበት መንገድ ላይ በ40 ዲግሪ ብርድ የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ ደግሞ ሕይወትን ያሰጋል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኔሶታም ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስበት ሌሊት አለ። እዚያ አሮጌ መኪና የገዛ ተማሪ በረዶው ሳይጀምር ውህዱን ቢያስለካ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅበት ነው፤ መሣሪያው ከራዲያተሩ አንድ ሁለት ጠብታ ይበቃዋል፥ ስንት ዲግሪ ድረስ እንደሚቋቋምም በመስታወቱ ውስጥ ይነበባል።