የጊታሩ ክንድ ሲነካ ቅኝቱ ለምን ይጠፋል?

አንዳንድ ጀማሪ ጊታር ተጫዋች «እኔ ጆሮ የለኝም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሲቃኘው ደህና የነበረው ጊታር፣ ከአንድ ዘፈን በኋላ ተመልሶ ይበላሽበታል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የጆሮው አይደለም፤ ከጊታሩ ጀርባ ያሉት ሞላዎች ስላልተስተካከሉ ነው።

የኤሌክትሪክ ጊታር ክንድ ስትጫኑት ክሮቹ ይላሉ፣ ድምፁም ይወርዳል። ስትለቁት ይመለሳል። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ክሩ ላይ እያወዛወዘ ድምፁን ሲያርገበግብ ሰምታችሁ ይሆናል። ክንዱም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ልዩነቱ ስድስቱንም ክሮች በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀሱ ነው። ሊዮ ፌንደር በ1954 ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር ሲያወጣ ይህን ዕቃ «ትሬሞሎ» አለው። በሙዚቃ ቋንቋ ትሬሞሎ የድምፅ መጉላትና መቀነስ ነው፤ የድምፅ መውጣትና መውረድ ቪብራቶ ይባላል። ስሙ ስህተት ነው፣ ግን ለምዶ ቀርቷል።

አሁን የጊታሩን ጀርባ ክዳን ክፈቱ። ከ3 እስከ 5 ሞላዎች ታያላችሁ። የሞላዎቹ አንድ ጫፍ ክሮቹን በያዘው ብሪጅ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ደግሞ ጥፍር በሚመስል ብረት ላይ ተሰክቷል። ጥፍሩን ከእንጨቱ ጋር ያሰሩት ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ናቸው። ክሮቹ ብሪጁን በ40 ኪሎ ግራም ገደማ ኃይል ወደ ፊት ይስባሉ፤ ሞላዎቹ ወደ ኋላ ይስባሉ። ብሪጁ በሁለቱ መካከል እንደ ሚዛን ቆሟል።

ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ክር ስታጠብቁ ብሪጁ ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ሌሎቹ አምስቱ ይላላሉ። በእኔ ሙያ፣ በሶፍትዌር፣ አንድ መስመር አስተካክለን ሌላ ቦታ ሲበላሽብን የምናደርገው ነገር እዚህም ይሠራል፦ ትንሽ ለውጥ፣ ከዚያ ሁሉንም እንደገና ማየት።

መጀመሪያ ስድስቱንም ክሮች ቃኙ። ጊታሩን ከጎን ተመልከቱ። የብሪጁ የኋላ ጠርዝ ከእንጨቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከተነሳ ሁለቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ሩብ ዙር አጥብቁ፤ እንጨቱ ላይ ከተኛ ደግሞ ሩብ ዙር አላሉ። እንደገና ቃኙ፣ እንደገና ተመልከቱ። አራት አምስት ጊዜ ሊደገም ይችላል። የሚቸኩል ሰው አንድ ሙሉ ዙር አዙሮ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሲቃኝ ይውላል። ጥፍሩ ላይ የተበየደች አንዲት ሽቦ አለች፤ እሷን አትንኩ፣ ከተበጠሰች ጊታሩ ማጉያው ላይ ይጮኻል።

ክንዱ ራሱ በቀዳዳው ውስጥ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን ጥርሱ ላይ አንድ ሁለት ዙር ጠቅልሉ። በጉልበት አታጥብቁት፤ ውስጥ ከተሰበረ ማውጣቱ ከባድ ነው።

ሞላዎቹን አስተካክላችሁም ቅኝቱ ካልቆመ፣ ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያልፉባቸውን ቦዮች ተመልከቱ። እዚያ ክሩ እየተያዘ ይሆናል። ቦዩን በተራ እርሳስ ማሸት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ እርሳሱ ክሩ እንዲንሸራተት ያደርጋል።

ለጀማሪ ግን የእኔ ምክር ሌላ ነው። ብሪጁ እንጨቱ ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪተኛ ብሎኖቹን አጥብቁ። እንዲህ ሲሆን አንድ ክር ቢበጠስ እንኳ የሌሎቹ ቅኝት አይናጋም፤ ክንዱን መጫንም ይቻላል። የሚቀረው ክንዱን ወደ ላይ መሳብ ብቻ ነው።