ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፕ የሚገዛበት ወራት

በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮና በሁሩሙ የቡና ለቀማና የዩኒቨርሲቲ ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ በተቀራረበ ወራት ይውላሉ። ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ሲለቀም የቤቱ ገንዘብ በእጅ ይገባል፤ በዚያው ሰሞን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰው ልጅ የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ይታወቃል። ከዚህም የተነሣ ወላጅ ቡናውን ሸጦ፣ ከብርድ ልብሱና ከሻንጣው ጋራ ላፕቶፕ ጨምሮ ልጁን መሸኘት እንደ ልማድ እየሆነ መጥቷል። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ይህ ግዥ ለብዙ ቤተ ሰብ ከበሬ ግዥ የማያንስ ወጪ ስለሆነ፣ ምን ዓይነት ይገዛ ከማለት አስቀድሞ መቼ ይገዛ የሚለውን መመርመር ተገቢ ይሆናል።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ገቢ ተማሪ በቀጥታ ወደ ሙያው ክፍል አይገባም። አስቀድሞ እንግሊዝኛን፣ ሒሳብን፣ ሥነ ልቡናን፣ ሎጂክንና እነዚህን የመሳሰሉትን የጋራ ትምህርቶች ይማራል፤ ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደበውም ከዚያ በኋላ፣ እንደ ምርጫውና እንደ ውጤቱ ነው። እንግዲህ በኅዳር ላፕቶፕ የሚገዛ አባት፣ ልጁ መሐንዲስ ይሁን የሒሳብ ሠራተኛ፣ ነርስ ይሁን የሕግ ሰው ገና ሳያውቅ ይገዛል ማለት ነው።

ልዩነቱም ቀላል አይደለም። የሥነ ሕንፃ ወይም የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ የንድፍ ፕሮግራሞችን የሚያሠራ፣ 16 ጊጋባይት ራምና የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው መሣሪያ ቢያገኝ ይመረጣል። የሒሳብ አያያዝ፣ የሕግ ወይም የቋንቋ ተማሪ ግን 8 ጊጋባይት ራም ባለው፣ ያገለገለ ቢሆንም ጤነኛ በሆነ ላፕቶፕ ሥራውን ያከናውናል። ርካሹን ቀድሞ የገዛ የምሕንድስና ተማሪ በሁለተኛው ዓመት እንደ ገና ሊገዛ ይገደዳል፤ ውዱን የገዛው የቋንቋ ተማሪ ደግሞ ያላስፈለገውን ኃይል ተሸክሞ ይኖራል። በዚህ መካከል ባለው ጊዜ የዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ክፍልና በእጁ ያለው ስልክ ለጋራ ትምህርቶቹ ይበቁታል።

የማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ ሪሚዲያል የሚባለው፣ ከዚህ ይለያል። በ2017 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 8.4 ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት በማካካሻው በኩል ነው፤ ይህን ያላለፈም ወደ አንደኛ ዓመት አይሻገርም። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ግቢውን በረገጠ በመጀመሪያው ወር ላፕቶፕ መግዛት ጎተራውን ከአዝመራው ማስቀደም ነው።

ሁሉም ግን ይጠብቅ አንልም። ዓይነ ስውር ተማሪ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም የሚማር ከሆነ፣ ላፕቶፑ ደብተሩ ነውና አንድ ቀን እንኳ ሊዘገይበት አይገባም። ማንም ተማሪ ቢሆን ደግሞ እስከ መመረቂያው ዓመት መቆየት የለበትም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተጀመረው የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር የሚሰጥ ስለሆነ፣ ጣቱ የፊደል ገበታውን ቀደም ብሎ ሊለምድ ይገባል።

«ዋጋ በየቀኑ ሲጨምር መጠበቅ ኪሳራ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የነጋዴ ጥያቄ ስለሆነ በአኃዝ ሊመለስ ይገባዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በወረቀት ሒሳብ 300 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ ከ17,100 ብር ተነሥቶ 30,000 ብር አለፈ ማለት ነው። በመደብሩ ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ በአንድ ሌሊት አልተገለበጠም፤ ብዙ አስመጪ ቀድሞም ቢሆን ዋጋውን ያሰላ የነበረው በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ነበርና። ከዚያ በኋላ የብሩ መውረድ ለጊዜው ቀዝቅዞ ነበር። ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. ዶላር በባንኮች ከ125 ብር ግድም ወደ 135 ብር ግድም ደርሷል፤ ይኸውም ከመቶ 8 ያህል ነው። በዚህ መጠን ቢታሰብ፣ በ40,000 ብር ዕቃ ላይ ስድስት ወር መቆየት 3,200 ብር ያስጨምራል። የማይሆን ዕቃ ገዝቶ መልሶ የሚሸጥ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ሊጎድልበት እንደሚችል ገበያውን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። የሆነ ሆኖ፣ ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች በተነሣው ፍላጎት የተነሣ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ስለ ናረ፣ መቆየቱ ከትምህርት ክፍል ምደባ እንዳያልፍ እንመክራለን።

ገንዘቡ እስከዚያ በምን ይቆይ? የኢሉባቦር ገበሬ ለዚህ መልስ ከጥንት ጀምሮ በቤቱ አለው፤ እርሱም ጀንፈል ነው። ቡና በዶላር የሚሸጥ ሸቀጥ ስለሆነ ብር ሲወርድ ዋጋው በብር ይነሣል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአረቢካ ቡና በኒው ዮርክ ገበያ አንዱ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ የቆየ ጀንፈል የነበረው ሰው አልተጸጸተም። የዓለም ዋጋ ሊወድቅም ስለሚችል ሁሉን ማቆየት አይገባም፤ ለሻንጣውና ለጉዞው የሚሆነውን ሸጦ የላፕቶፑን ድርሻ ብቻ በደንብ ደርቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ማኖር ይበቃል። በዚህ አገር እርጥበት በመሬት ላይ የተከመረ ጀንፈል ሻጋታ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ከብሩም የባሰ ኪሳራ ነው።

የኛም ነጋዴዎች የዕቃ ማዘዣ ጊዜያቸውን በዚህ መልክ ቢያዩት ይጠቀማሉ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጎሬ ንግድ በባሮ ላይ ይሄድ በነበረበት ዘመን፣ መርከብ ጋምቤላ የሚደርሰው ወንዙ በክረምት ሲሞላ ብቻ ስለ ነበር፣ ቡናው የሚወርደውም ሸቀጡ የሚወጣውም ወራቱ እየታየ ነበር። ዛሬ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በጭነት መኪና ሲቆረጥ ወራት የለውም የሚመስለው አለ። የላፕቶፕ ገዢ ግን ወራት አለው። የመቱና የበደሌ ነጋዴ በጥቅምት ሁሉንም ዓይነት ከሚያከማች፣ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተማሪው ምን እንደሚፈልግ አውቆ ሲመጣ የሚያሳየው ቢኖረው ይሻላል።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ አንድ ነገር ልብ ይበል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። ሻጩ «ኮር አይ ሰቨን ነው» ብሎ ቢያሞግሰውም ስድስተኛ ጄኔሬሽን ከሆነ፣ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ ፋይቭ በታች መቆጠር አለበት። በመደብሩ ውስጥ ቻርጀሩ ተነቅሎ አንድ ሰዓት ይሠራ፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ፈተናው ሲደርስ ይጠፋል። የዋስትናውም ቀን በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ይስፈር፤ ቢቻል ተማሪው በትምህርት ላይ እያለ የሚያልቅ እንጂ በክረምት ዕረፍት ተዘግቶ ሳለ የሚያልፍ አይሁን።