የሚጥል በሽታ በአንጎል ውስጥ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚዛመት

ሰው በሚጥል በሽታ ወድቆ ሲንፈራገጥ ያየ ሁሉ ነገሩ ከውጭ የመጣበት ይመስለዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ጋኔን ነው ይላል፤ አንዳንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸተዋል፤ ሌላውም በአረፋው ይጋባብኛል ብሎ ይሸሻል። ዳሩ ግን የሕመሙ መነሻ በአንጎል ውስጥ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።

አንጎል ሊቃውንት ሕዋስ ከሚሏቸው እጅግ ረቂቅ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ ቍጥራቸውም ብዙ ሺህ ሚሊዮን ነው። እነርሱም እርስ በርሳቸው የሚላላኩት በጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ዘወትር አንዱ ሲያነሣሣ ሌላው ይገታልና ሥራው በልክ ይሆናል። በአንድ ስፍራ ያሉት ሕዋሳት ግን ገቺ አጥተው ሁሉም ባንድ ጊዜ ኃይላቸውን የለቀቁ እንደ ሆነ፥ ሕመሙ ያን ጊዜ ይነሣል። ከዚያም በደረቅ ሣር ላይ እንደ ወደቀ እሳት አጠገቡ ያለውን እየያዘ ይሄዳል። (ምሳሌው ግን በሁሉ አይስማማም፤ እሳት የነካውን ዐመድ ያደርገዋል፤ ከአጭር መንቀጥቀጥ በኋላ ግን ሕዋሳቱ ጥቂት ደክመው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።)

ይህን አካሄድ አጥብቆ የመረመረው ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ነው። መንቀጥቀጡ በአንዳንድ በሽተኞች ከአውራ ጣት ተነሥቶ ወደ ክንድ፥ ከክንድም ወደ ፊት፥ በኋላም ወደ እግር በተራ ሲሄድ ተመለከተ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1870 ስለዚሁ ጽፎ አሳተመ። እያንዳንዱ ብልት በአንጎል ገጽ ላይ የሚታዘዝበት የተለየ ስፍራ እንዳለውም ከዚህ ተረዳ። በዚያው ዓመት ፍሪችና ሂትሲኽ የተባሉ ሁለት ጀርመኖች የውሻን አንጎል በኤሌክትሪክ ቢነኩ፥ በተቃራኒው ወገን ያለው እግር ሲንቀሳቀስ አዩ። በሰውም እንዲሁ ቀኙ አንጎል ግራውን አካል ያዛል፤ ስለዚህ ግራ እጁ አስቀድሞ የተንቀጠቀጠ ሰው የሕመሙ መነሻ በቀኝ በኩል መሆኑን ያመለክታል።

ሕመሙ በአንድ ስፍራ ተወስኖ ሳለ ሰውየው ልቡናውን ላይስት ይችላል። ሁለቱን የአንጎል ወገኖች የሚያገናኘውን ድልድይ ተሻግሮ ሁለቱንም የያዘ እንደ ሆነ ግን ራሱን ስቶ ይወድቃል። ደግሞም ከመጀመሪያው ሁለቱን ወገኖች ባንድነት የሚይዝ ዓይነት አለ። ይህም በልጆች ላይ አንዳንድ ጊዜ መውደቅና መንፈራገጥ የለበትም፤ ልጁ ለጥቂት ሴኮንድ ዐይኑን ተክሎ ዝም ይልና ያቋረጠውን ይቀጥላል። መምህሩም ልቡ ሌላ ዘንድ የሄደ መስሎት ይቀጣዋል።

ተማሪ የወደቀ እንደ ሆነ ከእሳትና ከድንጋይ አርቆ በጎኑ ማስተኛት ነው፤ በአፉ ምንም አይግባ፤ በግድም አይያዝ። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ቢያልፍ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ብዙዎችን ከመውደቅ ስለሚጠብቃቸው፥ ሕመሙ ካለፈም በኋላ ወላጆቹ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ያየውም ሰው አስቀድሞ የትኛው ብልት እንደ ተንቀጠቀጠ ለሐኪሙ ይንገር፤ በሽተኛው ራሱ ብዙ ጊዜ ሊያስታውሰው አይችልምና።